ለመንገደኛ የሚሆን ውሻ

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለዳልጮ፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

የሰማይ አምላክ የመኪና መሪ የጨበጠ እጅህን ይጠብቅልህ፤ በሄድክበት ሁሉ መንገዱን ያቅናልህ። የእኔን ጤንነት ብትጠይቅ፣ አንድ ቦታ ከመቀመጤ በቀር ምንም አልሆንኩም። ባለቤቴ አባይነሽ ሰላም ትልሃለች። እናትህ እማማ ጥሩነሽም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ያስቸግራቸዋል።

የወንድምህን የአንጁሎን ነገር ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ሰኔ ላይ ከጎረቤቱ ከደገፉ ጋር በድንበር ተጣሉና አንጁሎ በዱላ መታው፤ የሰውየው አንድ ዓይኑ ጠፋ። ወንድምህ ታሰረ። እማማ እያለቀሱ ቤቴ መጡ። እንግዲህ እኔ የክሊኒክ ድሬሰር ነኝ፣ ስሜን መጻፍ እችላለሁ፣ ከተማውም ያውቀኛል። የአጎቴ ልጅ ነው ብዬ ፍርድ ቤት ሄጄ የአካል ዋስ ሆንኩትና አስወጣሁት። ሳምንት ሳይሞላው በሬውን ትቶ፣ እናቱን ትቶ፣ እኔን ትቶ ጠፋ። ዳኛው አንጁሎን እስካቀርብ ድረስ ከከተማው ኬላ እንዳልወጣ፣ በየሰኞውም ፍርድ ቤት እየቀረብኩ እንድታይ አዘዙ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «አንጁሎ!» ብሎ ይጣራል። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ «አለሁ» እላለሁ። ከዚያ ተቀመጥ እባላለሁ።

ይህ የደረሰብኝ ደግሞ በማይሆን ጊዜ ነው። የወባ ጥናት ቡድን ወደ ቆላው ሊሰማራ ነው፤ ሁምቦ፣ ኪንዶ ዲዳዬ፣ እስከ ኦሞ ድረስ። ኃላፊው አቶ ሐብተማርያም ክሊኒካችን መጥተው ሥራዬን አዩና «ከእኔ ጋር ና» አሉኝ። ድንኳን ነው፣ ላንድሮቨር ነው፣ መኪና በማይገባበት በቅሎ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እየነቀሉ መሄድ። እኔ ዕድሜዬን ከዳሞታ ተራራ ሥር ቁስል ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። በልጅነታችን መኪና ባለፈ ቁጥር ጎማው ያለፈበትን እየረገጥን ስንሮጥ፣ ከሁላችሁ ርቄ የምሄደው እኔ እንደነበርኩ ታስታውሳለህ። አንተ ሄድክ፣ እኔ ቀረሁ። አሁን ተራዬ ደርሶ ነበር። «ትንሽ ጉዳይ አለብኝ» አልኳቸው። «እስከ ክረምቱ መውጫ ቦታህን እጠብቃለሁ» አሉኝ። አንጁሎ እስከዚያ ይመጣል። የት ይደርሳል?

አሁን ወደ ልመናዬ። በላክህልኝ ፎቶግራፍ ላይ፣ በሰሊጥ ጆንያው ላይ ከጎንህ የቆመ አንድ ረጅም ውሻ አለ፤ ወገቡ የቀጠነ፣ ደረቱ የወረደ፣ አፉ የሾለ። እንደዚያ ያለ አንድ ምረጥልኝ። ትልቅ ይሁን። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚያድር ሰው የሚሆነውን አንተ ታውቃለህ፤ ከውሻህ ጋር መኪና ላይ የምትኖር አንተ ነህ። አባይነሽ «ሚስቱን ትቶ ውሻ አስከትሎ የሚሄድ ባል ሰጠኝ» ብላ ስቃብኛለች። አብረን እንሂድ ስላት እምቢ ያለችው ራሷ ናት።

ስለ አንጁሎ የሰማኸው ነገር ካለም ጻፍልኝ።

ከኬላው ወዲህ ያለው ወንድምህ፣
ኤርካሎ

* * *

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለተወደድከው ለኤርካሎ

ጌታ ባለህበት ይሁን፤ አንድ ቦታም ቢሆን። እኔ አቧራ እየበላሁ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ያገኘሁት ከፖርት ሱዳን ሰሊጥ አራግፌ ስመለስ ነው። ውሻ መፈለግህ ደስ አሰኘኝ፤ እዚህ ስለ ውሻ የሚያዋራኝ ዘመድ አጥቼ ነው የኖርኩት።

አረቦቹ ሰሉጊ ይሉታል። ፊታቸው ውሻ ብለህ እንዳትጠራው፣ ይቆጡሃል። ውሻ በደጁ የማያስቀርብ ሽማግሌ ሰሉጊውን ምንጣፉ ላይ ያስተኛዋል። መጀመሪያ እንዳይቆጭህ የማይሆነውን ልንገርህ። ይህ የዘበኛ ውሻ አይደለም። ሌባ ቢመጣ ቀና ብሎ አይቶት ተመልሶ ይተኛል። ጅብ ቢመጣ ካንተ ኋላ ነው የሚቆመው። የሚያድነው በአፍንጫው ሳይሆን በዓይኑ ነው፤ ሜዳ ላይ አንድ የሚሮጥ ነገር ካየ ጆሮው ይደፈናል። ብትጠራው፣ ብትጮህ፣ ብታለቅስ አይሰማህም። ስለዚህ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ፈጽሞ እንዳትፈታው። የእኔ ፊተኛው የሞተው እንደዚያ ነው።

ሥጋ የለውም፣ አጥንትና ጅማት ነው። ደረቅ መሬት ላይ ካስተኛኸው ክርኑ ይላጣል፤ የሶዶ ብርድም አይስማማውም። ከሮጠ በኋላ እንጂ ሊሮጥ ሲል አታብላው፣ ሆዱ ይዞርበታል። ወንዱ ይረዝማል፣ ሴቷ ቶሎ ትገራለች፤ ትልቅ ካልክ እንግዲህ ወንድ ነው። ቡችላ አልመክርህም፤ ድንኳንህን፣ ጫማህን፣ መድኃኒትህን ሲበላ ይከርማል። ዓመት ካለፈው ጠባዩ ወጥቷል፣ የሚሸሸግ ነገር የለም።

ሰዎች ሲመርጡ ያስሮጡታል። ሞኝነት ነው፣ ሁሉም ይሮጣል። ለመንገደኛ የምትመርጥ ከሆነ ሲቆም ምን እንደሚያደርግ እይ። ሞተር ሲነሣ የሚያስመልሰው አለ። አዲስ ቦታ ባደረ ቁጥር የሚያላዝን አለ። ያረፈበትን ሁሉ የራሴ ግቢ ነው ብሎ የሰው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ አለ። የሚሆንህ መኪናው ሲሄድ የሚተኛ፣ ሲቆም ወርዶ አንዴ ዞሮ እግርህ ሥር የሚጋደም ነው። ቤቱ አንተ የሆንክለት ማለቴ ነው።

ታስሮ ለሚውልበት ግቢ ግን አይሆንም፤ እዚህ ላይ አልዋሽህም። እውነቱን ንገረኝ፣ በእርግጥ ትሄዳለህ? የምትሄድበት ቆላ ከብት የሚገድል ዝንብ አለው ይባላል፣ እሱንም ጠይቅ።

ስለ አንጁሎ የጻፍከውን አነበብኩ። እግዚአብሔር ያውቃል። እናቴን ሳምልኝ።

ወንድምህ ዳልጮ

* * *

ወላይታ ሶዶ፣ የካቲት 12 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለዳልጮ

ጌታ ጤና ይስጥህ። እኔ እንደ ባለፈው ነኝ፤ ቦታዬም እንደ ባለፈው ነው። ስለ ውሻው ሁለት ገጽ ጽፈህ ስለ ወንድምህ አንድ መስመር ብቻ በመጻፍህ ተገርሜ ነበር። አባይነሽ «ሰው ሲያዝን እንዲህ ነው፣ አፉ ይያዛል» አለችኝ። እኔም እንደዚያው ይሁን ብዬ ተውኩት።

ትሄዳለህ ወይ ላልከው፣ እሄዳለሁ። ስለ ዝንቡም ጠይቄአለሁ፤ ድንኳን የምንተክለው ከወንዙ ራቅ ብሎ ነው፣ ውሻውም ቀን ቀን መኪና ውስጥ ይውላል። ወንድ ይሁን፤ ዓመት ያለፈው ይሁን። ጆሮው ላይ ረጅም ጠጉር ያለውን ተው፤ የሁምቦ ጭጎጎት ሲይዘው እሱን ስለቅም ልውል ነው። መልኩ አቧራ ቢመስል ደስ ይለኛል፣ ቶሎ አይቆሽሽም። አባይነሽ ካሁኑ ከአሮጌ ቡልኮ ልብስ ሰፍታለታለች። በማን ልክ እንደሰፋችው አትጠይቀኝ፤ እኔን በእጄና በጉልበቴ አስኬዳኝ ነው የለካችው።

እውነቱን ልንገርህ። ውሻውን ሳስብ ኬላውን ያለፍኩ ይመስለኛል። ምን እንደሚበላ፣ ላንድሮቨሩ ላይ የት እንደሚተኛ፣ በቅሎዋ እንዳትረግጠው ምን እንደማደርግ፣ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሰኞ ይደርሳል። ሰኞ «አለሁ» ብዬ እመለሳለሁና ሌላ ሰባት ቀን ይዘጋብኛል። ከሥራ ስወጣ እስከ ኬላው እሄዳለሁ። ዘበኛው ለምዶኛል፣ «ዛሬም እስከዚችው ነው ድሬሰር?» ይለኛል። አብሬው እስቃለሁ፣ ወደ ቤቴ ስዞር ግን እግሬ ይከብደኛል።

እባክህ የእኛ አገር ሰው በዚያ በኩል ያልፍ እንደሆነ ጠይቅልኝ። አንጁሎን ለማወቅ አይከብድም። ማታ በሬውን ሲጠራ ጭኑን እየመታ ያን ረጅም ድምፁን አውጥቶ መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ይሰብረው አልነበር? ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። እንደሱ የሚጣራ ሰው አላየሁም። በሬውም በሌላ ጥሪ አልመጣ ብሎ አሁን እማማ በዚያ አሮጌ ጉሮሮ እንደ ልጃቸው አድርገው ይጠሩታል። ስሰማቸው ቤት ገብቼ በር እዘጋለሁ።

በቀጥታ መልስልኝ፤ ስለሱ የምታውቀው ነገር አለ?

ወንድምህ ኤርካሎ

* * *

ገዳሪፍ፣ ግንቦት 3 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለተወደድከው ለኤርካሎ

ሰላምና ጤና ካንተ አይራቅ። መረጥኩልህ!

ከአንድ ሽማግሌ አረብ ዘንድ ሦስት አየሁ። ሦስቱንም በየተራ መኪናዬ ላይ ጫንኳቸው። አንደኛው ከከተማ ሳንወጣ ሰሊጡ ላይ አስመለሰ። ሁለተኛው ደህና ሄዶ ማታ ላይ ሲያላዝን አሳደረን። ሦስተኛው ሞተሩ ሲነሣ አፍንጫውን ጅራቱ ሥር ቀበረ፤ ካሳላ ስንደርስ ነው የነቃው። ወረደ፣ አንዴ ዞረ፣ ተጋደመ። «ይሄ ነው» አልኩ። መልኩ አንተ እንዳልከው አቧራ ነው። ቁመቱ ከወገቤ በላይ፣ ጆሮው አጭር ጠጉር ያለው፣ ዓይኑ ኩል የተቀባ የሚመስል። ሲያይህ የሆነ ነገር የበደልከው ይመስልሃል፤ የዘሩ ነው፣ አትጨነቅ።

አንድ ረዳት አለኝ፤ ከኔ ይልቅ እሱ ነው ያለማመደው። ማታ ሜዳ ላይ ይለቀዋል፣ ከዚያ ይጠራዋል። ይመጣለታል! ሰሉጊ ከሩጫ መሀል ተጠርቶ ሲመለስ አይቼ አላውቅም ነበር። አረቦቹ ራሳቸው ሊያዩት ይመጣሉ።

እስከ መተማ እኔ አደርሰዋለሁ። ከዚያ የማውቀው ነጋዴ እስከ አዲስ አበባ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ የእናንተው ባለሱቅ ከድር ዕቃ ሲጭን ይዞት ይመጣል። ጽፌለታለሁ።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር ሰፋ አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን መኪናው ተጭኖ እየጠበቀኝ ነው።

ወንድምህ ዳልጮ

* * *

ወላይታ ሶዶ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለዳልጮ

እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልህ። ውሻው በሰላም ገባ።

ከድር ከመኪናው ሲወርድ ፊቱን ብታየው! «ኤርካሎ፣ እንካ አደራህን» አለኝ። «ከሻሸመኔ ጀምሮ አንገቱን ጭኔ ላይ ጥሎ ነው የመጣው። ልብሴን ሰባት ጊዜ ነው የማጥበው፣ ሳሙናው ካንተ ነው!» ይለኛል እንጂ እጁን ከውሻው ጆሮ ላይ አላነሣም። ስም ያወጣለትም እሱ ነው፤ ሙሳፊር ብሎታል። በአረብኛ መንገደኛ ማለት ነው አለኝ። አሁን በየቀኑ ሱቁን ዘግቶ ሊያየው ይመጣል፤ ሩቅ ቆሞ ነው የሚያዋራው።

ሰፈሩ ተሰብስቦ አየው። «ሚዳቋ ነው ውሻ?» አሉ። አንዲት ጎረቤታችን ታሟል ብላ ገንፎ አመጣችለት። አባይነሽ የሰፋችው ቡልኮ ትከሻው ላይ ሲውል ልክ ሆነ። ሌላው ሁሉ ልክ ነው ዳልጮ፤ አንተ በደንብ መርጠህልኛል። ልክ ያልሆነው እኔ ነኝ።

አንጁሎ አልመጣም። ሙሳፊርን ግቢዬ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር አስሬዋለሁ፣ ምክንያቱም አጥሩን በአንድ ዝላይ ነው የሚያልፈው፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ መንገድ ነው። በዝናብ በዛፉ ዙሪያ ሲዞር ይውላል። የረገጠው ጭቃ ክብ ቦይ ሆኗል። ገመድ ይዤው እስከ ኬላው እንሄዳለን። እዚያ ስንደርስ ገመዱን ወጥሮ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ያያል፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያያል። ምን ልበለው? አንተ ታስሮ ለሚውልበት አይሆንም ብለኸኝ ነበር። እሄዳለሁ ብዬ የዋሸሁህ እኔ ነኝ፤ መዋሸቴን ሳላውቅ።

አቶ ሐብተማርያምን ለመንኳቸው። ቡድኑ ጥቅምት ላይ ይወጣል፤ ከፋሲካ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ካልተገኘሁ በቦታዬ ሌላ ሰው ይገባል። «ከዚያ በላይ ልጠብቅህ አልችልም ልጄ» አሉኝ። ቅር አላለኝም፣ ጠብቀውኛል።

ሌላው ችግሬ፣ ሙሳፊር ሲጠራ አይመጣም። ኤርካሎ ይጥራው፣ አባይነሽ ትጥራው፣ ጆሮውን እንኳ አያነሣም። ረዳትህ ምን ብሎ ነው የሚጠራው? ይህን ብቻ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ኤርካሎ

* * *

ገዳሪፍ፣ መስከረም 15 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለኤርካሎ

እንኳን አዲሱን ዓመት በጤና አሳየህ።

ረዳቱ ምን ብሎ እንደሚጠራው ልብ ብዬ አላውቅም። ልማድ ነው፣ ቀስ በቀስ ይለምድሃል። አሁን የሚያሳስበኝ መታሰሩ ነው። ሰሉጊ ካልሮጠ ልቡ ይጠፋል፤ መጀመሪያ መብላት ይተዋል። ከመንገድ የራቀ ሜዳ ፈልግና በሳምንት አንዴም ቢሆን ፍታው። ከእናቴ ቤት በታች ያለው መስክ ይሆናል።

ዳኛውን ለምነህ ዋስትናውን በሌላ ሰው ማስለወጥ አይቻልም? ሞክር እስቲ። ሰው አይጠፋም።

ወንድምህ ዳልጮ

* * *

ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 6 ቀን 1953 ዓ.ም.

ዳልጮ

ሰላምታውን ዝለለው፤ ሰላም የለኝም።

ሙሳፊር መብላት ተወ። ስለዚህ እንደ ምክርህ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከእማማ ቤት በታች ወዳለው መስክ ወስጄ ፈታሁት። መጀመሪያ ገመዱ መውለቁን አላመነም፣ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ ከሣሩ ውስጥ ጥንቸል ተነሣች። እንደዚያ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም! ደስታዬን ሳልጨርስ ከወንዙ ማዶ ደረሰና ወደ መኪናው መንገድ አቅጣጫ ሄደ። ጮህኩ፣ ሮጥኩ፣ ወደቅሁ። ጠፋ አልኩ።

በዚህ መሀል እማማ ከላይ ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው በሬውን ጠሩ። ጭናቸውን መቱ፣ ያን ረጅም ድምፅ አወጡ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ሰበሩት።

ውሻው ቆመ። ጥንቸሏን ተዋት። ወንዙን ዘሎ፣ እኔን እንዳላየ አልፎኝ፣ በሬውንም ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ስደርስ እማማ ፊት ቆሞ ራሱን ሆዳቸው ላይ አስደግፏል፤ እየተንቀጠቀጠ ቀና እያለ ፊታቸውን ያያል፣ ወደ ኋላቸውም እየዞረ ሰው ይፈልጋል። እማማ ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ። በወላይትኛ «ይህን ማን አስተማረው?» አሉኝ። ውሻውን አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፣ ደግሞም ሳቁ፤ ልጃቸው ሞቷል ብለው ዓመት ከመንፈቅ የኖሩ ሴት ናቸው።

ረዳትህ ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ዳልጮ፣ አንተ ጨካኝ ነህ። ስለ ዓይኑ፣ ስለ ክርኑ፣ ስለ ሆዱ ስትጽፍልኝ አንጁሎ ካጠገብህ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሰው አይጠፋም አልከኝ! በየሰኞው ስሙ ሲጠራ የምነሣው እኔ ነኝ። የሌባ ስም ሳይኖረኝ እንደ ሌባ በዘበኛ ፊት የምመለስ እኔ ነኝ። ውሻ ለምኜህ ውሻ ላክህልኝ፤ መላክ የነበረብህ ወንድምህን ነበር። ከፋሲካ በኋላ መኪናው ያለ እኔ ከሄደ፣ እኔ እዚሁ ቁስል ሳጥብ አረጃለሁ።

ለዳኛው ልናገር ተነሥቼ ነበር። እማማ እጄን ያዙኝ። «አትናገርብኝ፤ ልጄ በሕይወት አለ» አሉኝ። «እኔስ እማማ?» አልኳቸው።

«አንተማ ቤትህ ነህ» አሉኝ።

አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ ራሴም አላውቅም።

ኤርካሎ

* * *

ገዳሪፍ፣ የካቲት 2 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለኤርካሎ

በታኅሣሡ ግርግር ፖስታው ዘግይቶ ነው ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላጣሁ ነው።

አንጁሎ በዚያው በጠፋበት ክረምት መጣብኝ፤ እግሩ አብጦ፣ ሰውነቱ አልቆ። ልመልሰው አስቤ ነበር። «ብትጽፍብኝ ወንዝ ውስጥ እገባለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳየው ያደርገዋል። እሱም ወንድሜ ነው፣ አንተም ወንድሜ ነህ። አንተ ግን ቤትህ ነህ፣ ሚስትህ አጠገብህ ናት አልኩ። አሁን ሳነበው እናቴ ያለችህን ነው ያልኩት። ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍም፤ ብጽፈውም አታምነኝም።

ውሻ ምረጥልኝ ስትለኝ ደስ አለኝ። ቢያንስ በዚህ አልዋሸውም ብዬ ያወቅሁትን ሁሉ ጻፍኩልህ። ያለማመደው አንጁሎ ነው። የማን እንደሚሆን ያውቅ ነበር። መተማ ላይ ሲለያዩ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

ደብዳቤህን አነበብኩለት፤ ማንበብ እንደማይችል ታውቃለህ። እስከ ሩጫው ድረስ ተቀምጦ ሰማ። እናቴ በሬውን በእሱ ድምፅ እንደምትጠራ፣ ውሻውም ወደ ኋላዋ እየዞረ ሰው እንደፈለገ ስደርስ ተነሥቶ ወጣ። ጠዋት የልብሱ ጆንያ የለም። በመተማ መኪና ሲሳፈር አየነው ያሉኝ አሉ። ወደ እናንተ ይሁን ወደ ሌላ አገር አላውቅም። እንዲመጣ አልነገርኩትም፣ እንዳይመጣም አልነገርኩትም።

ዳልጮ

* * *

ሃላሌ፣ ኪንዶ ዲዳዬ፣ ግንቦት 4 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለዳልጮ

የሰማይ አምላክ በያለህበት ይጠብቅህ። ደብዳቤው የተጻፈበትን ቦታ አይተህ ገምተህ ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ የቡድኑ መኪና ሊነሣ ሲል በነበረው ሰኞ እንደ ወትሮዬ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ሙሳፊርን ውጭ ካለው ዛፍ ጋር አስሬው ነበር። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና «አንጁሎ!» አለ። ልነሣ ወንበሩን ስይዝ ከኋላዬ «አለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አንጁሎ ነበር። ከስቷል፤ ጢሙ እስከ ደረቱ ደርሷል። ከሻሸመኔ በእግሩ ነው የመጣው። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ስናይ ሙሳፊር ገመዱን በጥሶ ችሎቱ መሀል ገባና የፊት እግሮቹን አንጁሎ ትከሻ ላይ ሰቀለ። ፖሊሶቹ ሳቁ። ዳኛው «ይህ ውሻ የማን ነው?» ሲሉ እኔም አልመለስኩ፣ አንጁሎም አልመለሰ።

እጁን ስለ ሰጠ ዳኛው ራሩለት። ፍርዱ እስኪሰጥ ዋስ ካለው ቤቱ ሆኖ በሬውን ጠምዶ ይከርማል፣ ከሌለው እስር ቤት ይቆያል አሉ። «ዋስ አለህ?» ብለው ጠየቁት። ቤቱ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እኔን ያያሉ። ደገፉ በቀረችው ዓይኑ እኔን ያያል። ጸሐፊው ማንም ሳይጠይቀው ብዕሩን ነክሮ ስሜን መጻፍ ጀምሯል። አንጁሎ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

ተነሣሁ።

«የለውም» አልኩ።

ወደ ቤቴ ስሄድ እማማን መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። ሰላም ስላቸው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። አባይነሽም አልተቆጣችኝም፣ ግን ስንቄን ቋጠረችና የእስረኛውን ምሳ ልትሠራ ገባች። አሁን እሷና እናትህ በየተራ ለእስረኛው ምሳ ይወስዳሉ። በማግስቱ መኪናው ሲያልፍ የኬላው ዘበኛ አወቀኝ፤ «ድሬሰር!» ብሎ ከኋላችን ጮኸ። ባርኔጣዬን አወለቅሁለት። ሙሳፊር ሞተሩ እንደ ተነሣ አፍንጫውን ጅራቱ ሥር ቀብሮ ተኛ።

ለመንገደኛ የሚሆነውን ነው የመረጥክልኝ፣ ምስጋናዬን አልነሣህም። ድንኳን ስንተክል አንዴ ዞሮ እግሬ ሥር ይጋደማል። ዝንቡም እስካሁን አልነካውም። ማታ ግን የዚህ አገር ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ሲጠሩ ይነሣል። ጥሪያቸው የአንጁሎ እንዳልሆነ ያውቃል፣ አይሄድም፤ ብቻ ፊቱን ወደ ሶዶ አዙሮ ይቆማል። እኔም ሥራዬን ትቼ አብሬው እቆማለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የነበረው ቆላ ፊቴ ተዘርግቶ እኔ የማየው ያንኑ የወጣሁበትን ተራራ ነው።

ዳልጮ፣ ከእንግዲህ ውሻ አልጠይቅህም። የወንድምህ ፍርድ ገና ነው፤ ቀጠሮው ከክረምት በኋላ ነው ይላሉ። መሬቱ ሳይታረስ ዝናቡ ሊያልፍ ነው። እናትህ በሬውን ማታ ማታ ይጠሩታል፣ የሚጠምደው ግን የለም። እኔ የዋስነት ተራዬን ጨርሻለሁ። አንተ ደግሞ ስምህን መጻፍ ትችላለህ፤ ይኸው ስንት ደብዳቤ ጻፍክልኝ።

ና። ችሎቱ ሰኞ ሰኞ ነው።

ወንድምህ ኤርካሎ